ያሳለ ደገፈ

ጠጋ በሉ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። የዛሬው ወሬ ራቅ ራቅ ብለው የሚሰሙት ነው። አንተ ባለ ሹራቡ፣ ከጎረቤትህ ትከሻ ላይ ውረድና ወደ በሩ ፈቀቅ በል። አንቺ ደግሞ እስቲ ያንን መስኮት ገፋ አድርጊው። ምን? ነፋስ ይመታናል? ኧረ ባክሽ! እኔም አፌን የከፈትኩት ለዚሁ ነገር ነው። ዝናቡ በዚያ በኩል አይገባም፣ አትፍሪ። እ… እንዲያ። አሁን ስሙኝ።

ድፍን የሚባል አገር ነበር። ሰው "ድፍን አገር ያወቀው ጉዳይ" ሲል ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። የት ነው ብላችሁ አታድርቁኝ፤ ብታገኙትም እኔ አልነገርኳችሁም። ድፍን የተባለው መስኮት የሚባል ነገር ስለሌለው ነው። ጎጆው ድፍን፣ አዳራሹ ድፍን፣ የዶሮው ቆጥ እንኳ ድፍን። ዶሮዎቹ መንጋቱን የሚያውቁት በግምት ስለነበር አውራው በቀትር ይጮህ ነበር ይባላል።

የዚህ አገር ሰው ጠላቱ አንድ ብቻ ነው፤ ነፋስ። ራሱን ያመመው ሰው ነፋስ መታው። ወገቡን የቆረጠመው ነፋስ መታው። ከዛፍ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ "ምን ሆነህ ነው?" ሲሉት "ነፋስ መትቶኝ" ነው የሚለው። ዛፍ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ነፋስን የሚጠብቅ ትልቅ ሹም ነበራቸው፤ ሊቀ ውታፍ ይባላል። ውታፍ ታውቃላችሁ፣ ቀዳዳ የሚወተፍበት፣ ከጭቃና ከገለባ ወይ ከጨርቅ የሚጠቀጠቅ ነገር ነው። የዚያን ዘመኑ ሊቀ ውታፍ ድልነሳሁ የሚባሉ ወፍራም፣ ሲናገሩ አፍንጫቸውን የሚይዙ ሰው ነበሩ። ከሥራቸው የስንጥቅ መርማሪዎች አሉ። መርማሪው የበራ ጧፍ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ጧፉ ግድግዳው አጠገብ ከተወዛወዘ ያ ቤት ስንጥቅ አለው ማለት ነው፤ ባለቤቱ ጀርባውን ስንጥቁ ላይ ለጥፎ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆማል። ስንጥቁ ብዙ፣ ቤተሰቡ ትንሽ የሆነበት ሰው ከጎረቤት ጀርባ ይዋሳል። ስቃችሁ ስትጨርሱ ልቀጥል።

እኛ የማይረባውን ተላላኪ "ውታፍ ነቃይ" ብለን እንሰድብ የለ? እነሱ ዘንድ ግን ስድብ ብቻ አልነበረም፣ ወንጀል ነበር። ሌባን ይቅር ይላሉ፤ ውታፍ ነቃይን ግን ሰላም አይሉትም።

አሁን ወደ ዋናው። በየዓመቱ በነሐሴ፣ ዝናቡ በሚጠናበት ሳምንት፣ ከየቤቱ አንድ ሽማግሌ ከአንድ ደጋፊው ጋር ሆኖ ድፍን ቤት የሚባለው አዳራሽ ይገባል። ሦስት መቶ ሰው ነው። ስንቃቸውን ይዘው ይገባሉ፣ በሩ ከውጭ ይቀረቀራል፣ እስከ ሰባተኛው ቀን አይከፈትም። ለሽንት የት ይወጡ ነበር የምትለው አንተ ነህ? ለሱም ድፍን ክፍል ነበራቸው፤ እለፈው።

ስድስቱ ቀን የምስጋና ነው። ምስጋናው ታዲያ እንዲህ በዋዛ አይደለም። ሰውና ሰው አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥምና "ንጉሣችን ይኑሩ!" ብሎ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይጮኻል። ድምፁን ዝቅ ያደረገ አኩርፏል ይባላል። በሰባተኛው ቀን ሊቀ ውታፍ አዲሶቹን አዋጆች ያነቡና "የደገፈ ያስል!" ይላሉ። ያስል ነው ያልኩት፣ በትክክል ሰምታችኋል። የአገሩ ሕግ "ያሳለ ደገፈ" ነው። ድሮ አንድ ንጉሥ "ተስማማችሁ ወይ?" ብሎ ቢጠይቅ ጉባኤው "እህ እህ" ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጸሐፊው ይህንኑ ስምምነት ብሎ ጻፈው፣ በቃ ሕግ ሆነ።

እንግዲህ አስቡት። ሦስት መቶ ሰው በተወተፈ አዳራሽ፣ አንዱ በአንዱ አፍ ውስጥ እየጮኸ ስድስት ቀን ከርሞ በሰባተኛው ቀን የማያስል ማን አለ? አዋጁ ተነቦ ሳያልቅ አዳራሹ በሳል ይናጋል። ሁሉም አዋጅ፣ በየዓመቱ፣ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ሊቀ ውታፍ ድልነሳሁ "እንዲህ ያለ አንድነት የት አገር አለ!" እያሉ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው ቤቱ ይገባል፣ አልጋ ላይ ይወድቃል፣ ሽማግሌው ይረግፋል። አርባ ቀን የአገር ሐዘን በቀን መቁጠሪያቸው ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ነበር። ለምን ሞቱ? ከአዳራሹ ሲወጡ ነፋስ መታቸዋ! ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ውታፍ ይጨመራል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው እዚያ አገር የምር ነው።

የእነዚያ ውታፎች ሁሉ ጠቅጣቂ አያ ቢተው ይባሉ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፣ እጃቸው እንደ ግድግዳው ጭቃ የደረቀ። አምና ከሚስታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር ጉባኤ ገብተው ነበር፤ ሚስታቸው ደጋፊ ሆነው። በወጡ በአሥረኛው ቀን ወይዘሮ አትጠገብ ዐረፉ። አያ ቢተው ራሳቸው ተረፉ እንጂ ደረታቸው ከዚያ ወዲህ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጭ ጀመር። ሐኪሙም መጡ፣ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዘንድሮ እንደ አምናው ከታመሙ አይተርፉም" አሉ። ግን መቅረት የለም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ትርንጎ የምትባል። ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ትሸጣለች። አፏ ሹል፣ ሳቋ ከገበያው ወዲያ ማዶ የሚሰማ። እናቷን ከቀበረች ወዲህ ሳቋ ቀንሶ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው፣ አባቴ ነሐሴን እንዴት ይለፍ?

አንድ ቀን የአዳራሹ ዘበኛ ጓንጉል ሽንኩርት ሊገዛ መጣ። ደረቱ ሰፊ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ዝናብ እንዳጠበው ጎመን የሚያበራ ሰው ነው። ትርንጎ ዐየችውና አንድ ነገር ውል አላት።

"ጓንጉል፣ በዚያ በር ላይ መቆም ከጀመርክ ስንት ዓመትህ ነው?" አለችው።

"ሠላሳ አንድ ክረምት።"

"ውጭ ነው የምትቆመው አይደል? ሰባቱን ቀን?"

"ታዲያ ዘበኛ ውስጥ ይቆማል እንዴ!"

"ነፋስ መትቶህ ያውቃል?"

"ኧረ በየቀኑ ነው የሚመታኝ! ባርኔጣዬን ብቻ ሦስት ጊዜ ወስዶብኛል።"

"ታመህስ?"

ጓንጉል አሰበ፣ አሰበና "ለመታመም ጊዜውስ የት አለኝ?" አለ። "ሊቀ ውታፍን ጠይቄያቸው ነበር። ነፋስ ሹም እንጂ ዘበኛ አይመታም፣ ይንቅሃል አሉኝ።"

ትርንጎ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ቆመባትና አለቀሰች። ያ ሰው ሠላሳ አንድ ክረምት ከነፋስ ጋር ሲተኛና ሲነሣ ከርሞ እንደ ቅል ያበራል፤ እናቷ በተወተፈ ቤት ተጠብቀው ሞቱ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ገባት። ገዳዩ ነፋሱ አይደለም፣ ያ ታፍኖ የከረመው ትንፋሽ ነው።

በነጋታው ሊቀ ውታፍ ዘንድ ሄደች። "ጌታዬ፣ አባቴ ደረታቸው ታሟል። ዘንድሮ ይቅርታ ይደረግላቸው፣ ከቤት ይዋሉ" ብላ ተማጸነች።

"የቀረ ሰው የነፋስ ወዳጅ ነው" አሉ ሊቀ ውታፍ አፍንጫቸውን ይዘው። "ደግሞስ አባትሽ ከቀሩ ማን ሊያስልልን ነው? ባለፈው ዓመት የእሳቸውን ያህል አምርሮ ያሳለ የለም። ጥሩ ደጋፊ ናቸው።"

"እንግዲያው እኔ ደጋፊያቸው ሆኜ ልግባ።"

"ግቢ። ግን ውታፍ ብትነኪ ወዮልሽ!"

"ኧረ እኔ ምኑን ነክቼው! ሽንኩርቴን ይዤ ከበሩ ሥር ነው የምቀመጠው" አለች ትርንጎ። ሽንኩርት በድፍን አገር የነፋስ መድኃኒት ስለሚባል አትያዢ የሚላት አልነበረም። ሁለት ዘንቢል ሙሉ ይዛ ገባች።

የመጀመሪያው ቀን ነው። በሩ ተቀረቀረ። ንጉሡ በላይኛው ጫፍ ከዙፋናቸው ላይ፣ ትርንጎና አባቷ በታችኛው ጫፍ ከበሩ ሥር። በመካከል ሰማንያ ክንድ ያህል ሰው በሰው ላይ ነው። ምስጋናው ሊጀመር ሲል ትርንጎ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ላጠች፣ ከጭብጥ ፌጦ ጋር አፏ ውስጥ ጨመረች፣ እንባዋ እየወረደ አኘከችው። ከዚያ እጇን አጣጥፋ በዝግታ መተንፈስ ጀመረች። ሌላ ምንም አላደረገችም።

ብዙም አልቆየ። ንጉሡ አፍንጫቸውን ሸት ሸት አደረጉ። "ማነው ነጭ ሽንኩርት የበላ?" አሉ።

ሰዉ ተያየ። ትርንጎ ተነሥታ እጅ ነሣች። "እኔ ነኝ ንጉሥ ሆይ።"

"የታለሽ አንቺ? ድምፅሽ ከሩቅ ነው የሚመጣው።"

"ከበሩ ሥር ነኝ።"

"ከበሩ ሥር! ታዲያ ሽንኩርትሽ እኔ አፍንጫ ውስጥ ምን ያደርጋል?"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ ንጉሥ ሆይ! በትንፋሼ ነው የመጣ። ቤቱ መውጫ የለውም፤ እኔ ስተነፍስ ጎረቤቴ ይስባል፣ እሱ ሲተነፍስ የሱ ጎረቤት ይስባል፣ እንዲህ እያለ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል።"

"እና እኔ የምስበው አንቺ የተነፈስሽውን ነው?"

"የኔን ብቻ በሆነ! የሦስት መቶውንም ሰው ነው።"

ንጉሡ ሦስት መቶውን ሰው ቀስ ብለው አንድ በአንድ ዐዩት። ዓይናቸው ፊት ለፊታቸው ባለው ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ አፍ ላይ ሲደርስ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ።

"ሽንኩርቱስ ይሸታል፣ ይታወቃል" አለች ትርንጎ። "እኔን የሚያስፈራኝ የማይሸተው ነው። አምና እናቴ አጠገብ የተቀመጡት ሰው ያስሉ ነበር። ሳል ደግሞ አይሸትም ንጉሥ ሆይ። እናቴ ሳታውቀው ስባው ሞተች።"

 ሊቀ ውታፍ ዘለው ተነሡ። "ነፋስ ነው ሽታውን ያመጣው! ነፋስ ገብቷል!"

"የቱ ነፋስ? ደፍነውት የለም እንዴ ጌታዬ?" አለች። "እስትንፋስ ሲሉስ ውስጡ ያለው ነፋስ አይሰማዎትም? እኛው ነን እኮ ነፋሱ!"

ሊቀ ውታፍ መልስ ሲያጡ የሚያደርጉትን አደረጉ፣ አዋጅ አመጡ። "አንደኛ፣ ነጭ ሽንኩርት በድፍን አገር ይታገድ። ሁለተኛ፣ ይህቺ ሴትና አባቷ ልባቸው ወደ ነፋስ ስላዘነበለ፣ ለገዛ ጤናቸው ሲባል፣ እስከ መጪው ነሐሴ ከዚህ አዳራሽ እንዳይወጡ ይቆለፍባቸው። በሰባተኛው ቀን ድምፅ ይሰጥበታል!"

ትርንጎ ወደ አባቷ ዞረች። በሰባተኛው ቀን ሳል በራሱ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። አባቷ በዚህ ቤት ውስጥ ሰባት ቀን እንኳ የማይችሉ ሰው ናቸው፣ ዓመት ሊታፈኑ ነው።

"ምን አደረግሽ ልጄ?" አሉ አያ ቢተው፤ ደረታቸው ሲር ሲር ይል ነበር።

"እኔ እንጃ አባባ" አለች። "ላድንዎት ብዬ ነበር።"

በላይኛው ጫፍ ግን ሌላ ነገር ተነሥቶ ነበር። ንጉሡ "ድልነሳሁ፣ ድምፁ በሰባተኛው ቀን ነው አልክ። እስከዚያ ይህ ሽታ አብሮኝ ሊከርም ነው?" አሉ።

"ሴትዮዋን እናውጣት እንዳልል በሩ አይከፈትም ንጉሥ ሆይ።"

"እኔ ሴትዮዋን አላልኩም፣ ሽታው ይውጣልኝ!"

"ሽታ የሚወጣው በቀዳዳ ነው ጌታዬ፤ ቀዳዳ ደግሞ…"

"ሕጉን አምጣው።" ጸሐፊው አነበበ። ነፋስ አይግባ ይላል። ንጉሡ ጣታቸውን አነሡ። "ሽታ አይውጣ ይላል?" አይልም። "እንግዲያው ሽታ መውጫ ይከፈት።" ጸሐፊው "ሽታ መውጫ" ብሎ ጻፈ። መስኮት ብሎ ቢጽፍ ይሰቀል ነበር።

ውታፍ መንቀል የሚችል ማን ነው? ያው የጠቀጠቀው ነው። አያ ቢተው ተጠሩ። በመሰላል ወጡ፣ ከዙፋኑ በላይ ያለውን ውታፍ ያዙ፤ በሠርጋቸው ዓመት በእጃቸው የጠቀጠቁት ነበር።  ነቀሉት። ብርሃን እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናነበ፣ ነፋሱ እስኪመታው ጠበቀ። አንዱ ሽማግሌማ በሬውን ለማን እንደሚያወርስ ይናዘዝ ጀመር። ምንም የለም። ከአንዱ ጥግ "ኧረ ደስ ይላል!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማነው ሲባል ሁሉም ካደ።

አያ ቢተው ከመሰላሉ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ንጉሥ ሆይ፣ አንድ ቀዳዳ ብቻውን አይረባም። ወናፍ እንኳ መሳቢያና መትፊያ አለው። በወዲያኛውም ግድግዳ አንድ ካልተነቀለ ሽታው እዚሁ ነው የሚዞረው። በዚያ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል።"

"ምንድን ነው የሚገባው?" ብለው ጮኹ ሊቀ ውታፍ።

አያ ቢተው ትንሽ አሰቡ። "ሽታ የሌለው ነገር" አሉ።

ጸሐፊው "ሽታ የሌለው ነገር መግቢያ" ብሎ ጻፈ።

ወደ ማምሻው ላይ ሽታው ጠፋ። ሊቀ ውታፍ ደስ ብሏቸው "እንግዲህ ወጥቷል፤ ውታፉ ይመለስ" ከማለታቸው ከበሩ ሥር "ቋ!" የሚል ድምፅ መጣ። ትርንጎ ሁለተኛውን ራስ ከዘንቢሉ አውጥታ ጀምራዋለች። ያን ጊዜ ነው መንገዱ የበራላት፤ ሽታው እስካለ ቀዳዳው አለ። ውታፉ አልተመለሰም። ጠዋት ሌላ ራስ አኘከች፣ ንጉሡ ሌላ ሁለት ውታፍ አስነቀሉ። በማግስቱ ሦስት ራስ አኘከች፣ ሌላ አራት ተነቀለ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ! ምላሷ ተላጠ፣ ዓይኗ አበጠ፣ ሆዷ ውስጥ እሳት ነደደ። አባቷ "ይብቃሽ ልጄ" ሲሏት "አባባ፣ እርስዎ ብቻ ይተንፍሱ" ትላቸዋለች። ሌላም ነገር ሆነ። አጠገቧ ያለው ሰው ሽታውን ሸሽቶ ሁለት ክንድ ራቀ፣ የሱም ጎረቤት ቦታ ሊለቅለት ራቀ። ሰው ሁሉ የነጠላውን ጫፍ አፍና አፍንጫው ላይ ጣለ። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ የሚጮኽማ ጠፋ፤ "ንጉሣችን ይኑሩ"ን ሰዉ ከሩቅ ራሱን በመነቅነቅ ሆነ የሚለው። አንድ ከቆላ የመጡ ሽማግሌ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ሳል ነበራቸው፤ ሳላቸውም ከሽታው ጋር ይውጣ ተብሎ ሽታ መውጫው ሥር ተቀመጡ፣ አብሮ ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ትርንጎ ነቅታ የአባቷን ደረት አዳመጠች። ሲር የሚለው የለም። እንደ ሕፃን ልጅ ይተነፍሳሉ። አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች፤ እንባው የደስታ ይሁን የሽንኩርቱ የሚያውቅ አልነበረም።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ሊቀ ውታፍ አምረው፣ ካባቸውን ደርበው ተነሡ። አዋጁን አነበቡ፤ ሽንኩርት ይታገድ፣ ትርንጎና አባቷ ለጤናቸው ሲባል ይቆለፍባቸው። ደረታቸውን ነፉ።

"የደገፈ ያስል!"

ጸጥ።

"አልተሰማ ይሆናል። የደገፈ ያስል!"

ዝንብ እንኳ ቆመች። ሦስት መቶ ሰው በነጠላው ላይ ዓይኑን አቁለጭልጮ ያያል። ሊቀ ውታፍ ራሳቸው እንዳያስሉ አዋጅ አቅራቢ አያስልም የሚል ሕግ አለ። አንዱን መርማሪ በዓይናቸው ጠቀሱት። እሱም "እ…" ብሎ ጀመረ፤ ሦስት መቶ ራስ ወደሱ ሲዞር ግን ወደ ማዛጋት ለወጠው።

ትርንጎ የአባቷን እጅ አጥብቃ ያዘች። አንድ ሰው ቢያስል አለቀ።

ይኸኔ መቀርቀሪያው ከውጭ ተስቦ በሩ ተበረገደ! ጓንጉል ነው፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ። ሁሉንም ቁጭ ብለው ሲያይ ደንግጦ ቆመ።

"አላለቃችሁም?" አለ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አሉ ንጉሡ።

"ሠላሳ አንድ ክረምት ሙሉ በሰባተኛው ቀን ሳል ያልሰማሁበት የለም። ዛሬ ዝም ሲል አልቀዋል ብዬ… ሬሳ ላወጣ ነው የመጣሁት ጌታዬ!"

ንጉሡ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ዘውዱ እስኪንሸራተት ድረስ። ከዚያ ዘውዳቸውን አቃንተው ጸሐፊውን "ያሳለ ደገፈ ይላል። ያላሳለስ?" ብለው ጠየቁት። ጸሐፊው ገለበጠ፣ ገለበጠ፤ እስከ ዛሬ ያላሳለ ሰው ስላልነበረ የተጻፈ የለም።

"እንግዲያው በአፋችሁ ንገሩኝ።"

 በመጨረሻ ያ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ተነሡ። "ንጉሥ ሆይ" አሉ፣ "እኔ አርባ ዓመት እዚህ ሳስል ደግፌ አላውቅም። ታምሜ ነው።"

"እኔም!" አለ አንዱ። "እኔም! እኔም!" አለ አዳራሹ። ሊቀ ውታፍ አፍንጫቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። የአርባ ዓመቱ አንድነት ጉንፋን ሆኖ ተገኘ።

አዋጁ ወደቀ። ንጉሡም ትርንጎን አስጠርተው ሹመት ሰጧት። ምን ብለው መሰላችሁ? ውታፍ ነቃይ! ከዚያ ወዲህ በድፍን አገር "ውታፍ ነቃይ" ብለው ከጠሩህ ተነሥተህ እጅ ትነሣለህ። በዚያ ዓመት አርባው ቀን ደረሰ፣ የሚለቀስለት ጠፋ። አልቃሾቹ ሥራ ፈትተው ሠርግ ላይ ዘፈን ጀመሩ፤ ዜማቸው ግን እንደ ለቅሶ ነበር አሉ። ሊቀ ውታፍ ድልነሳሁስ? ምን ይሆናሉ! ሊቀ ሽታ መውጫ ተብለው ተሾሙ። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነኝ ሲሉ ኖሩ።

አያ ቢተው ከአዳራሹ በእግራቸው ወጡ። ወደ ቤት አልሄዱም፣ አንዲት ውታፍ በብብታቸው ይዘው ወደ ሚስታቸው መቃብር ሄዱ። ትርንጎ ተከተለቻቸው።

"አትጠገብ" አሉ ቁጭ ብለው። "አምና በዚህች ሥር ነበር የተቀመጥሽው። በእጄ ጠቀጠቅኋት፣ እንዳይበርድሽ ብዬ። ካንቺ ነፋስ የከለከልኩት እኔ ነኝ።" አምርረው አለቀሱ፤ ልጃቸው እስኪወጣላቸው ተወቻቸው። ከዚያ ውታፏን በእጃቸው ፈርፍረው አፈሩ ላይ በተኑት። ነፋስ መጣና ገለባውን ይዞት ሄደ። አያ ቢተው ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ክረምት ኖሩ፤ በየነሐሴው ጉባኤ ይገባሉ፣ ሽታ የሌለው ነገር መግቢያው ሥር ይቀመጣሉ።

ወሬው ይኸው ነው። እዚያ አገር አሁንም መስኮትን መስኮት አይሉትም አሉ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቢሆንም ይከፍቱታል። እኛ ስሙን እናውቀዋለን፣ ግን… ቆይ ቆይ፣ ምነው ቤቱ ታፈነ? አንቺ! ወሬው ሲጥምሽ ቀስ ብለሽ መልሰሽ ዘጋሽው አይደል? ክፈችው በይ።

ደግሞ ማነው አሁን ከበሩ በኩል ያሳለው? አንተ ነህ ባለ ሹራቡ? አሞህ ከሆነ ምሕረቱን ያምጣልህ፣ ነገ ከቤትህ አትውጣ፣ ሾርባ እልክልሃለሁ። ደግፈኸኝ ከሆነ ግን ልጄ፣ በአፍህ ንገረኝ።